«ሦስቴ ስረግጠው ማርሹ ይገባል»፦ ካምቢዮ ከመውረዱ በፊት የሚታይ

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. የ2004 ሞዴል ማንዋል ቶዮታ ኮሮላ ነው የምነዳው። ጠዋት አስነስቼ ኋላ ማርሽ ሳስገባ «ክርርር» ይላል፤ አንደኛም ይከብደኛል። ፔዳሉን ሦስት አራቴ ቶሎ ቶሎ ስረግጠው ግን ሰላም ይገባል። አንድ መካኒክ የፍሪሲዮኑን ፔዳል አስተካከለልኝና ማርሹ ተሻለው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ የተቃጠለ ነገር ይሸተኛል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይሄድም። ሌላ ጋራዥ ስወስደው «ሸራው አልቋል፣ ካምቢዮ ወርዶ ሙሉ ኪት ይቀየር» አሉኝ። ላስቀይር?

መልስ፦ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) አይውረድ፤ ቢያንስ ከታች ያለውን ሳያዩ አይውረድ። የጻፉልን ሁለት ችግር ነው፣ ሁለቱም ተቃራኒ ናቸው። የመጀመሪያው ፔዳሉ ሲረገጥ ሞተሩና ካምቢዮው በደንብ አለመለያየታቸው ነው። ሁለተኛው ፔዳሉ ተለቅቆ ሳለ ፍሪሲዮኑ በደንብ አለመያዙ፣ ማለትም ማንሸራተቱ ነው። ያለቀ ሸራ (የፍሪሲዮኑ ዲስክ ላይ ያለው የሚይዘው ልባስ) ያንሸራትታል እንጂ ኋላ ማርሽ አያስጮህም። ፔዳል ደጋግሞ መርገጥም ያለቀ ሸራን አያድነውም። በመርገጥ የሚሻሻል በሽታ የዘይት በሽታ ነው። የእኔ ግምት ነገሩ የጀመረው ከላይኛው ፖምፓ ነው፤ ሽታውን ያመጣው ደግሞ ያ ማስተካከያ ነው። ግምት ስለሆነ ግን በሙከራ እናረጋግጠው።

በኮሮላ ፔዳሉ የላይኛውን ፖምፓ ይገፋል፤ ፖምፓው የፍሬን ዘይት በቱቦ ወደ ታችኛው ፖምፓ ይልካል፤ የታችኛው ሹካውን ይገፋል፤ ሹካው ኩሽኔታውን፣ ኩሽኔታው ዲስኩን አጥብቆ የሚይዘውን የፕሬዠር ፕሌት ጣቶች ይጫናል፤ ያኔ ዲስኩ ከቮላኖው (ሞተሩ ከሚያዞረው ከባድ ክብ ብረት) ይላቀቃል። መሃል ላይ አየር ካለ፣ ወይም የላይኛው ፖምፓ ጎሚኒ (የዘይት ማገጃ ጎማው) አርጅቶ ዘይቱን ወደ ኋላ የሚያሳልፍ ከሆነ፣ እግርዎ እስከ ወለሉ ቢወርድም ሹካው መንገዱን አይጨርስም። ቶሎ ቶሎ ሲረግጡ እያንዳንዱ ርግጫ ትንሽ ዘይት ከፊት ይጨምራል፤ በሦስተኛው ሹካው ይደርሳል። ጠዋት የሚብሰው ያረጀ ጎሚኒ ሲቀዘቅዝ ስለሚደድር ነው።

ከምንም ነገር በፊት የወለሉን ምንጣፍ ያንሱ። አይሳቁ፤ ከፔዳሉ ሥር የተነጠፈ ተጨማሪ ወፍራም ምንጣፍ የፔዳሉን የመጨረሻ ሁለት ሳንቲ ሜትር ይበላል፣ እንደ እርስዎ ያለ ደካማ ፍሪሲዮን የሚለየው ደግሞ እዚያው አካባቢ ነው።

ቀጥሎ ሞተሩን ሳያስነሱ ማርሾቹን ሁሉ ያስገቡ፣ ያውጡ። ሞተሩ ጠፍቶ ሁሉም በቀላሉ ከገቡ፣ ሲነሳ ግን እምቢ ካሉ፣ ችግሩ ፍሪሲዮኑ ነው። ሞተሩ ጠፍቶም ከከበደ የማርሽ ገመዱን ወይም ካምቢዮውን ይጠርጥሩ። ኋላ ማርሽ ሰላም ሆኖ አንድ ወደፊት የሚሄድ ማርሽ ብቻ፣ ለምሳሌ ሁለተኛው፣ ከጮኸም የዚያ ማርሽ ሲንክሮናይዘር (ጥርሶቹ ከመግባታቸው በፊት ዙራቸውን የሚያስተካክለው ክፍል) ነው እንጂ ፍሪሲዮን አይደለም።

አሁን ሞተሩን አስነስተው በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡ) ይተዉት። ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ይርገጡ፤ ቢያንስ ሦስት ሰከንድ ይቆዩ፤ ከዚያ ኋላ ማርሽ ያስገቡ። መቆየቱ የግድ ነው፤ የካምቢዮው ዘንግ ፔዳሉ ከተረገጠ በኋላም ለትንሽ ጊዜ ይሽከረከራል፣ ኋላ ማርሽ ደግሞ በብዙ ካምቢዮዎች ሲንክሮናይዘር የለውም። ቸኩሎ የሚያስገባ ሰው ጤነኛ መኪናም ያስጮሃል። ከሦስት ሰከንድ በኋላም ከጮኸ ዲስኩ አልተለየም። ፔዳሉን ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ረግጠው እንደገና ሲሞክሩት ዝም ብሎ ከገባ ነገሩ ዘይቱ ጋ ነው።

አየሩን ከፖምፓው ለመለየት ሜዳ ቦታ፣ ከፊትዎ ምንም በሌለበት ይቁሙ። ቀኝ እግርዎ ፍሬን አጠገብ ይዘጋጅ። አንደኛ ማርሽ አስገብተው ፔዳሉን እንደረገጡ ፍሬኑን ይልቀቁና 30 ሰከንድ ይጠብቁ። መጀመሪያ ዝም ብሎ ቆሞ ቀስ እያለ ወደፊት መሳብ ከጀመረ ዘይቱ በላይኛው ፖምፓ ጎሚኒ በኩል ወደ ኋላ እያለፈ ነው። ይህ ዓይነቱ መጥፎ ነው፤ ምንም ወደ ውጭ ስለማይፈስ ዘይቱ የሚጠራቀምበት ጠርሙስ መጠን አይቀንስም፣ «ዘይቱ ሙሉ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ሳይስብ ከቆመ፣ ፔዳሉ ግን እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስ ከሆነ፣ አየር ነው።

የሚፈስ ካለ ሁለት ቦታ ይታያል። አንዱ ከፔዳሉ በላይ፣ የፖምፓው ዘንግ የሞተሩን ክፍል ከመኪናው ውስጥ ከሚለየው ግድግዳ በሚወጣበት ላይ ነው፤ ጣትዎን አስገብተው ይዳብሱ፣ እርጥበት ካለው የላይኛው አልቋል። ሌላው ካምቢዮው ፊት ላይ ያለው የታችኛው ፖምፓ ነው። አቧራ መከላከያ ጎማውን ጠርዝ በካቻቢቴ ጫፍ ቀስ ብለው ገለጥ ያድርጉ፤ ጠብታ ከወጣ ጎሚኒው አሳልፏል። እዚያው ሳሉ ሰው ፔዳሉን ይርገጥልዎትና ዘንጉ ስንት እንደሚገፋ በማስመሪያ ይዩ። በዚህ መጠን መኪና ከ10 ሚሊ ሜትር በታች ከተጓዘ ለመለየት አይበቃም። የጎማ ቱቦውንም ይያዙት፤ ሲረገጥ እጅዎ ውስጥ የሚያብጥ ከሆነ እርጅና ነው፣ ግፊቱ ሹካው ጋ ሳይደርስ ቱቦው ይጨርሰዋል።

አሁን ወደ ሽታው ልምጣ። መካኒኩ «ፔዳል አስተካከልኩ» ሲል በአብዛኛው ያደረገው ፔዳሉን ከፖምፓው ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ ማስረዘም ነው። ዘንጉ ሲረዝም ፔዳሉ ገና ከላይ ጀምሮ ይይዛል፣ ሹካውም ትንሽ ራቅ ብሎ ይሄዳል፣ ማርሹ ይገባል። ደካማው ፖምፓ ግን እዚያው ነው። የባሰው ደግሞ ይህ ነው፦ ፖምፓው ውስጥ ወደ ጠርሙሱ የሚወስድ ትንሽ ቀዳዳ አለ፤ ፔዳሉ ሲለቀቅ ፒስተኑ ወደ ኋላ ተመልሶ ቀዳዳውን ይከፍታል፣ ትርፉ ዘይት ወደ ጠርሙሱ ይመለሳል። ዘንጉ ከልክ በላይ ከረዘመ ፒስተኑ ሙሉ በሙሉ አይመለስም፣ ቀዳዳውም አይከፈትም። ሞተሩ ሲግል የታፈነው ዘይት ይሰፋል፤ መሄጃ ሲያጣ የታችኛውን ፖምፓ ይገፋል። እግርዎ ፔዳሉ ላይ ሳይኖር ፍሪሲዮኑ በከፊል ተረግጧል ማለት ነው። ቀዝቃዛ ሳለ ደህና ሄዶ እንጦጦ መሃል ላይ ሲሞቅ የሚያንሸራትት መኪና መጀመሪያ በዚህ ይጠረጠራል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ዳገቱ ላይ ሲያንሸራትት አስተማማኝ ቦታ ያቁሙ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ ፔዳሉን በእጅ ይንኩት። ከላይ ምንም ልል ነገር ሳይኖረው ወዲያው ከደነደነ ታፍኗል። የታችኛውን ፖምፓ የአየር ማስወጫ ቡሎን ሩብ ዙር ሲፈቱት፣ ማንም ፔዳሉን ሳይረግጥ፣ ዘይት ፍንጥቅ ብሎ ከወጣና ከዚያ በኋላ ማንሸራተቱ ከቀረ ጥርጣሬ አይቀርም። መነጽር ያድርጉ፤ ዘይቱ ዓይን ያቃጥላል፣ ቀለምም ይልጣል፣ የነካውን በውኃ ይጠቡ።

ትክክለኛው ልክ ይህ ነው። ፔዳሉን በጣት ቀስ ብለው ሲጫኑ የፖምፓው ዘንግ ፒስተኑን እስኪነካ ድረስ ከ1 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይለቃል። አጠቃላይ ልሉ ማለትም ፍሪሲዮኑ ክብደት መስጠት እስኪጀምር ያለው ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ነው። ዘንጉ ላይ ያለውን ማጥበቂያ ዳዶ ፈትተው ዘንጉን በማዞር ይስተካከላል፤ ዳዶውን መልሶ ማጥበቅ አይረሳ። ልሉ የለም ማለት ፍሪሲዮኑ ያንሸራትታል፣ ኩሽኔታውም ቀኑን ሙሉ ሲሽከረከር ይውላል።

ሌላም መለኪያ አለ፣ ጥቂት መካኒክ ነው የሚለካው። የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ጎማ ሥር ድንጋይ ያስገቡ፣ ሞተሩ በሚኒሞ ይሁን። ፔዳሉን ሳይረግጡ የማርሹን ዘንግ ወደ ኋላ ማርሽ በቀስታ ይግፉ፤ ጥርሱ ሲነካካ ይሰማል። እዚያው ይዘው ፔዳሉን ቀስ ብለው ይርገጡ። ድምፁ ከጠፋበት ነጥብ እስከ ፔዳሉ መጨረሻ ድረስ ቢያንስ 25 ሚሊ ሜትር ሊቀር ይገባል። ከዚያ ካነሰ ፍሪሲዮኑ የሚለየው ወለሉ ላይ ሲደርስ ነው ማለት ነው፤ ጠዋት የሚጮኸውም ለዚህ ነው።

ፖምፓው ጥፋተኛ ከሆነ ጎሚኒ ብቻ ይቀየር ወይስ ሙሉው? ፒስተኑን ያውጡና ሲሊንደሩን በመብራት ይዩት። ውስጡ መስታወት መስሎ ከታየ ጎሚኒው ይበቃል። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ወይም የዝገት ነጠብጣብ ካለበት አዲሱ ጎሚኒ ብዙ አይቆይም፤ ሙሉውን ይግዙ። የላይኛው አዲስ ሲሆን ሙሉ ግፊት መስጠት ስለሚጀምር ያረጀው የታችኛው ጎሚኒ ብዙ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ማፍሰስ ይጀምራል። ስለዚህ የታችኛውንም ጎሚኒ አብረው ይለውጡ፤ ከካምቢዮ ማውረጃ ዋጋ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም።

ዘይቱ ዶት 3 ወይም ዶት 4 የፍሬን ዘይት ብቻ ነው። የሞተር ዘይት ወይም የመሪ ሃይድሮሊክ የሚጨምር ሰው አለ፤ ጎሚኒዎቹን በሙሉ ያሳብጣቸዋል። ጠርሙሱ ከፍሬኑ ጋር የጋራ ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ፍሪሲዮኑ ላይ አይቆምም፣ ፍሬንዎም ይበላሻል። ከጠርሙሱ የሚወጣው ዘይት እንደ ቡና ከጠቆረ ሙሉ በሙሉ ይለወጥ።

አየር ለማስወጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ግማሽ ሊትር ዘይት፣ ጥርት ያለ ቀጭን ቱቦ፣ ትንሽ ዘይት ያለበት ጠርሙስና ለቡሎኑ የሚሆን ቁልፍ (ብዙ ጊዜ 8 ወይም 10) ያዘጋጁ። ቱቦውን በቡሎኑ ላይ ሰክተው ሌላውን ጫፍ ጠርሙሱ ውስጥ ዘይቱ ሥር ያጥልቁት። ውስጥ ያለው ሰው ጥቂት ጊዜ ይርገጥና ወለሉ ላይ ይያዝ፤ እርስዎ ሩብ ዙር ይፍቱ፣ አረፋው ይውጣ፣ ይጥበቅ፤ ከዚያ ነው ፔዳሉ የሚለቀቀው። ቡሎኑ ክፍት ሳለ ፔዳሉ ከተነሳ አየር መልሶ ይገባል፤ አብዛኛው «አየሩ አልወጣ አለኝ» የሚባለው ከዚህ ነው። መጀመሪያ ላይ ፔዳሉ ወለሉ ላይ ይቀራል፣ በእጅ ይነሳ። በየአራት አምስት ርግጫው ላይኛውን ጠርሙስ ይዩ፣ ከታችኛው ምልክት አይውረድ። ቡሎኑ ትንሽ ናት፣ በጉልበት ከጠበቀች ትቆረጣለች፤ ልኳ 8 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፣ በአጭር ቁልፍ በሁለት ጣት የሚጠብቅ ያህል። የወጣውን ዘይት መልሶ መጨመር የለም።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ፣ ልሉ ተስተካክሎ፣ ከዚያ በኋላ ነው ሸራውን የምንመረምረው። ያ ሁሉ ሽታ ሳይጎዳው አይቀርም፤ ይጎዳው እንጂ ይጨረስ አይጨረስ ግን መንገድ ላይ ይታያል። በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ማርሽ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ያህል እየሄዱ፣ ቢቻል ለስላሳ ዳገት ላይ፣ ነዳጁን ሙሉ ይርገጡ። የሞተሩ ዙር ብድግ ብሎ ፍጥነቱ እዚያው ከቆየ ሸራው ያንሸራትታል። ዙሩና ፍጥነቱ አብረው ቀስ እያሉ ከወጡ ፍሪሲዮኑ ይዟል፣ ሞተሩ ነው ጉልበት ያነሰው።

ይህን መለየት አዲስ አበባ ላይ ከሌላ ቦታ ይልቅ ያስፈልጋል። ከተማው 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ እንጦጦ ጫፍ 3,000 ይታለፋል። ተርቦ የሌለው ቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ጉልበቱን ስለሚያጣ ኮሮላዎ ሽሮ ሜዳ ላይ ሩብ ያህሉ የለም። በዚህ ላይ የቆሸሸ የአየር ማጣሪያ ወይም ያረጁ ካንዴላዎች ካሉ ዳገት ላይ መንፏቀቁ ፍሪሲዮን ይመስላል። ዙር መቁጠሪያው አይዋሽም፤ ጆሮዎን ሳይሆን እሱን ይመኑ።

ቆሞ የሚደረገው ሙከራም ይታወቃል፦ የእጅ ፍሬን ይዞ፣ በሦስተኛ ማርሽ፣ ትንሽ ነዳጅ ሰጥቶ ፔዳሉን መልቀቅ። ሞተሩ ወዲያው ከጠፋ ይዟል፤ እየሠራ ከቀጠለ ያንሸራትታል። ይህን አንዴ ብቻ ያድርጉት፤ እየደጋገመ የሚሞክር ሰው ደህናውንም ሸራ ይጨርሰዋል።

ከማስተካከያው በኋላም ካንሸራተተ፣ እሺ፣ ካምቢዮው ይውረድ፤ ጋራዡም አልተሳሳተም። ያኔ ዲስኩን ለብቻው አያስቀይሩ። ዲስክ፣ ፕሬዠር ፕሌትና ኩሽኔታ አብረው ይቀየራሉ፣ ምክንያቱም ጉልበቱ የሚሄደው ማውረዱ ላይ ነው። አሮጌው ዲስክ ሲወጣ ይጠይቁና በእጅዎ ይዩት። ከሸራው ወለል ሸራውን እስከያዘው ሪቬት ራስ ያለው ጥልቀት በካሊፐር ሲለካ ከ0.3 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ በእርግጥ አልቋል። ሸራው ገና ወፍራም ሆኖ በዘይት ከጠቆረ ደግሞ ያንሸራተተው መበላት አይደለም፤ የሞተሩ የኋላ ኦይል ሲል (የዘይት ማገጃው) ወይም የካምቢዮው ዘንግ ኦይል ሲል እያፈሰሰ ነው። ኦይል ሲሉ ሳይቀየር አዲስ ዲስክ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው። ሽታው ይለየዋል፤ የካምቢዮ ዘይት የሰልፈር ዓይነት የሚከረፋ ሽታ አለው፣ የሞተር ዘይት የለውም።

ቮላኖው ላይ ሰማያዊ ምልክትና ቀጫጭን ስንጥቅ ካለ ቶርኖ ቤት ይላጥ። የዙሩ መዛባት ከ0.1 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም።

ዕቃ ለመግዛት ሶማሌ ተራ ሲሄዱ አሮጌውን ዲስክ ይዘው ይሂዱ። ኮሮላ ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ በዚያ ዓመት ሞዴል የተለያየ ሞተር ስላለ የዲስኩ ዲያሜትር ይለያያል። ዲያሜትሩን ይለኩ፣ የመሃሉን ጥርስ ይቁጠሩ፣ የኩሽኔታውን ቁመት ጎን ለጎን አቁመው ያስተያዩ። አይሲንና ኤክሴዲ ለቶዮታ የታመኑ ናቸው፤ ካርቶናቸውን አስመስሎ የሚያሽጉም አሉ፣ ስለዚህ ካርቶኑን ሳይሆን ዕቃውን ይዩ፦ ሪቬቶቹ እኩል የተመቱ፣ የመሃሉ ሞላዎች በእጅ ሲነቀነቁ የማይንኳኩ፣ ጽሑፉ በጥልቀት የተመታ መሆኑን። አሮጌውን ዲስክ ሸራ አስመትቶ መልሶ መግጠም ለቤት መኪና አልመክርም። ሸራው አዲስ ቢሆንም የመሃሉ ሞላና ከሸራው ሥር ያለው ስስ ብረት እንዳረጁ ናቸው፤ ተነስቶ ሲሄድ ያንቀጠቅጣል።

ሲገጠም ቆመው ማየት ከቻሉ ሦስት ነገር ይዩ። ዲስኩ ላይ ወደ ቮላኖ የሚዞረው ፊት ምልክት አለው፤ ተገልብጦ ከተገጠመ ፍሪሲዮኑ አይለይም፣ ሁሉም ሥራ ከዜሮ ይጀመራል። የፕሬዠር ፕሌቱ ብረት ፋብሪካው ከዝገት እንዲጠብቀው ዘይት ቀብቶት ይመጣል፤ በንጹሕ ጨርቅና በፍሬን ማጽጃ ይጠረግ፣ ግሪስ የነካ እጅ ሸራውን አይንካው። ቡሎኖቹ ደግሞ ዲስኩ በማማከያ ዘንግ ከተያዘ በኋላ በኮከብ ቅርጽ፣ በየተራ ጥቂት ጥቂት ጠብቀው በመጨረሻ 19 ኒውተን ሜትር ይደርሳሉ። አንዱን ወገን አስቀድሞ ማጥበቅ ሽፋኑን ያጣምመዋል፣ በኋላ ለሚመጣው መንቀጥቀጥም ምክንያት ይሆናል። ለዲስኩ ጥርስ የሚቀባው ግሪስ ስስ ብቻ ነው፤ ትርፉ ሲሽከረከር ሸራው ላይ ይረጫል።

የካምቢዮው ዘይት ወርዶ ከሆነ 2 ሊትር ገደማ 75 ደብልዩ 90 ይገባዋል፤ ባዶውን እንዳይነሳ ያረጋግጡ።

ድምፅ አልጠየቁኝም፣ ግን ካምቢዮ ሊወርድ ከሆነ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። በኒውትራል ቆሞ ፔዳሉ ተለቅቆ የሚያጉረመርም፣ ሲረገጥ ዝም የሚል ከሆነ የካምቢዮው ዘንግ ኩሽኔታ ነው፤ አዲስ ፍሪሲዮን አያጠፋውም። ሲረገጥ የሚጀምር ከሆነ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው። ከቆመበት ሲነሳ ብቻ የሚንቀጠቀጥ መኪና ከሆነ ደግሞ ከዲስኩ በፊት ሞተሩን የሚሸከሙት ሱፖርቶች ይታዩ፤ ጎማቸው የተሰነጠቀ ሱፖርት የፍሪሲዮንን በሽታ አሳምሮ ይመስላል።

አዲስ ዲስክ ከገባ የመጀመሪያዎቹን 500 ኪሎ ሜትር በከተማ ውስጥ ለስለስ ብለው ይንዱ፤ ሸራው ከቮላኖው ጋር ይላመዳል። ዳገት ላይ ተሰልፈው ሲቆሙ መኪናውን በግማሽ ፍሪሲዮን አይያዙት፣ የእጅ ፍሬን ይሳቡ። ከሳምንት በኋላ የፔዳሉን ልል እንደገና ይለኩ፤ ከ5 ሚሊ ሜትር በታች ወርዶ ካገኙት ዘንጉን ላጠበቀው መካኒክ መልሰው ያሳዩት።